ፊልሙ ሌላ፣ ፎቶው ሌላ፦ የቤት ሰርቨር ዕቃ ምርጫ ሲዳሰስ

ለቤቱ ሰርቨር ሊገዛ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ፕሮሰሰር ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ተራው ግን ገና ነው። ቀድሞ መመለስ ያለበት፣ ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ነገር ቢጠፋ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። «የቤት ሚዲያና ፋይል ሰርቨር» እየተባለ በአንድ ስም የሚጠራው ዕቃ ጠባያቸው የማይገጥም ሁለት ሥራዎችን ተሸክሟል። ፊልምና ሙዚቃ ብዙ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ቢጠፉ ያናድዳሉ እንጂ አያስለቅሱም፤ ተፈልገው ይገኛሉ። የልጆች ፎቶ፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ ስካን የተደረገ የቤት ካርታና የትምህርት ማስረጃ የሚይዙት ቦታ ትንሽ ነው፤ ከጠፉ ግን ምትክ የላቸውም። ገበያው ሁለቱን በአንድ ሣጥን ስለሚሸጥ ገዢው ለፊልሙ የማያስፈልገውን ጥንቃቄ በውድ ይገዛል፤ ለፎቶው የሚያስፈልገውን ደግሞ ገንዘብ አልቆበት ይተወዋል። ከዚህ በታች ዕቃዎቹን የምመዝነው በዚህ ልዩነት ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከስልክ የሚወጣ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ 20 ሺህ ፎቶ 80 ጊጋባይት ነው። በሚኒዲቪ ካሴት የተቀረጸ የድሮ ሰርግ ጥራቱ ሳይነካ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ በሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በዲቪዲ ተሠርቶ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ በአንድ ዲስክ 4.7 ጊጋባይት ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ፣ በብዙ ቤት አንድ ቴራባይት አይሞላም። በሌላ በኩል ከብሉሬይ ዲስክ እንዳለ የተገለበጠ አንድ ባለ 4ኬ ፊልም ብቻውን ከ50 እስከ 80 ጊጋባይት ይወስዳል፤ መቶ እንዲህ ያለ ፊልም የሚሰበስብ ሰው ከ5 እስከ 8 ቴራባይት ይፈልጋል። ውዱ ነገር ትንሽ ነው፤ ትልቁ ነገር ውድ አይደለም። ለገዢ ከዚህ የተሻለ ዜና የለም፤ ውዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ማባዛት ርካሽ ነው ማለት ነውና።

ፕሮሰሰር የሚጠየቀው በፊልሙ ሥራ ላይ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር። ፋይሉ የተጨመቀበት ዘዴና ቴሌቪዥኑ የሚያውቀው ዘዴ አንድ ከሆኑ፣ ሰርቨሩ የሚሠራው ፋይሉን ከዲስክ አንሥቶ በኔትወርክ መላክ ብቻ ነው። ይህን የ15 ዓመት ኮምፒውተርም ሳያልበው ይሠራዋል። ካልተገጣጠሙ፣ ወይም ኢንተርኔቱ በቀጠነበት ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ካለ፣ ሰርቨሩ ፊልሙን እየፈታ ወዲያው በሌላ ዘዴ እንደገና መጭመቅ ይኖርበታል። ትራንስኮድ የሚባለው ይህ ነው፤ ከባዱም ሥራ ይኸው ነው። ባለ 4ኬ ፊልም በተራ ፕሮሰሰር ጉልበት ብቻ ልጨምቅ ያለ ማሽን ማራገቢያው እየጮኸ ምስሉ ይቆራረጣል።

መፍትሔው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ፣ ለቪዲዮ ብቻ የተሠራ ክፍል ነው። ኢንቴል ክዊክ ሲንክ የሚለውን ይህን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ነው ያወጣው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ዛሬ በ4ኬ ፊልሞች ላይ የተለመደውን ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ የተባለ የመጭመቂያ ዘዴ በሙሉ ኃይሉ ማስተናገድ የጀመረው ግን በሰባተኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሰባተኛ ትውልድ ያለው ርካሽ ፕሮሰሰር፣ አራተኛ ትውልድ ያለውን ኃይለኛ ፕሮሰሰር በቀላሉ ይበልጠዋል። በሶፍትዌር በኩል፣ ፊልሙን ከሰርቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ከሚያቀርቡት ፕሮግራሞች መካከል ፕሌክስ ይህን ክፍል ለመጠቀም ክፍያ ይጠይቃል። ጄሊፊን በነፃ ይጠቀምበታል፤ እሱም በ2018 መጨረሻ ኤምቢ የተባለው ፕሮግራም ኮዱን ሲዘጋ ከዚያ ተገንጥለው በወጡ ሰዎች የተጀመረ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚቆረጥ ወርሃዊ ክፍያ ለሚከብደው አንባቢ ምርጫው ግልጽ ይመስለኛል።

ለእኛ የምትለይ አንዲት ችግር አለች። ከፊልሙ ጋር የሚሄደው ትርጉም ጽሑፍ በፊደል የተጻፈ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ራሱ ያሳየዋል፤ በምስል መልክ የተሠራ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ በፊልሙ ላይ አትሞ መላክ፣ ማለትም ትራንስኮድ ማድረግ አለበት። የግዕዝ ፊደል ያልተጫነበት ቴሌቪዥን ወይም ማጫወቻ ደግሞ የአማርኛውን ጽሑፍ ባዶ አራት ማዕዘን አድርጎ ይደረድረዋል፤ መውጫው እዚያም ሰርቨሩ ላይ ማተም ነው። የአማርኛ ትርጉም የሚያነብ ሽማግሌ ያለበት ቤት እንግዲህ የቪዲዮ ክፍል ያለው ፕሮሰሰር ቢገዛ ቅንጦት አይደለም። ሌላው ቤት ግን ለፕሮሰሰር ከመክፈሉ በፊት ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሰካ፣ ብዙ ዓይነት ፋይል የሚያውቅ ትንሽ ማጫወቻ መግዛት ያዋጣው እንደሆነ ያስላ። ብዙ ጊዜ ያዋጣዋል።

ወደ ማሽኖቹ ስንመጣ ቀላሉ መንገድ ዝግጁ ሣጥን ነው። የታይዋኖቹ ሲኖሎጂና ኪውናፕ በዚህ ገበያ የታወቁ ናቸው። ዲስክ ይገባል፣ ጥቂት ጥያቄ ይመለሳል፣ የስልኩ መተግበሪያ ፎቶውን እየለቀመ ይልካል፤ ኮምፒውተር መፍታት ለማይወድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ከእነዚህ ሣጥኖች አንዳንዶቹ ከፊልሙ ሥራ እየራቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሲኖሎጂ ዲኤስ920+ የቪዲዮ ክፍል ያለው የኢንቴል ሴሌሮን ነበረው፤ በ2022 የተተካበት ዲኤስ923+ ግን ግራፊክስ የሌለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ይዞ መጣ። ለፋይል አዲሱ ይሻላል፤ ለፊልም አሮጌው። «አዲሱን ስጠኝ» ብሎ የገዛ ሰው ያላሰበውን ይዞ ይገባል።

ሌላው ጉዳይ የኩባንያው ፈቃድ ነው። ሲኖሎጂ በሚያዝያ 2025 በአዲሶቹ ሞዴሎቹ ላይ እሱ ያላጸደቃቸውን ዲስኮች የሚገድብ ፖሊሲ አስታወቀ፤ ደንበኞች ካጉረመረሙ በኋላ በዚያው ዓመት በጥቅምት በወጣው ሶፍትዌር በሃርድ ዲስኮች ላይ የነበረውን ገደብ አነሣ። ቢያነሣውም፣ ሣጥኑ የእኔ ቢሆንም ደንቡ የሌላ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ የከፋም ደርሷል። በሰኔ 2021 የዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ ላይቭ ባለቤቶች አንድ ቀን ሲነሡ ዲስካቸው ባዶ ሆኖ አገኙት። ከ2015 ወዲህ የሶፍትዌር ማሻሻያ ያልተደረገለት ዕቃ በኢንተርኔት በኩል ተሰብሮ ነበር። በጥር 2022 ደግሞ ዴድቦልት የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ለኢንተርኔት ክፍት የሆኑ የኪውናፕ ሣጥኖችን ፋይል ቆለፈ። ዝግጁ ሣጥን የሚገዛ ሰው ማሻሻያው እስከ መቼ እንደሚቆይለት ይጠይቅ፤ ከገዛ በኋላም በራውተሩ ላይ በር ከፍቶ በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት አያውጣው።

እኔ ብዙ ጊዜ የማደላው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ወደ መግዛት ነው፤ ጊዜውም ለዚህ ምቹ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶቹ በቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። በመሆኑም ሰባተኛ ትውልድ ያላቸው ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ከየቢሮው እየተጣሉ ነው። ለዊንዶውስ ያረጁት እነዚህ ማሽኖች ከላይ ያነሣሁትን ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ የሚያውቁ ናቸው፤ ሊኑክስ ለሚጫንበት ሰርቨር ገና ትኩስ ናቸው። ሥራ ሲፈቱ የሚበሉት ከ10 እስከ 20 ዋት አካባቢ ነው። ጉድለታቸው ቦታ ነው፤ ጠፍጣፋው ዓይነት ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ ትልቅ ዲስክ አያስገባም፤ የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያ ደግሞ የኩባንያው ብቻ የሆነ ቅርጽ ስላለው ቢቃጠል በቀላሉ አይተካም። ቆሞ የሚቀመጠውን ታወር ማግኘት ከተቻለ እሱን መያዝ ነው።

ኢንቴል በ2023 መጀመሪያ ያወጣው ኤን100 በአነስተኛ ማሽኖች ዘንድ ብዙ ነገር ቀይሯል። በ6 ዋት ደረጃ የተሠራ፣ አራት ኮር ያለው፣ አዲሱን የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ኤቪ1ን ሳይቀር የሚፈታ የቪዲዮ ክፍል ያለው ቺፕ ነው። ለፊልም ብቻ ቢሆን ከዚህ በላይ መክፈል አያስፈልግም። ነገር ግን አብዛኞቹ ሚኒ ኮምፒውተሮች ለትልቅ ዲስክ ቦታ የላቸውም፤ ዲስኩን በዩኤስቢ አንጠልጥሎ መኖር ይመጣል፤ በዩኤስቢ የተያያዘ ዲስክ ደግሞ አልፎ አልፎ እየተቋረጠ ተመልሶ ይመጣል። ለፊልም ይታገሡታል። ሁለት ዲስክ በጥምረት ለሚሠራበት የፋይል ማከማቻ ግን አልመክረውም። ራስበሪ ፓይ የተባለችውን ትንሽ ኮምፒውተር በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው፤ አምስተኛው ሞዴል ለፋይል ማካፈያነት ይበቃል፤ ቪዲዮ በሃርድዌር የሚጨምቅ ክፍል ግን ስለሌለው ለትራንስኮድ አይሆንም። በተቃራኒው ጫፍ፣ ከውጭ በርካሽ የሚመጡ ያረጁ የመደርደሪያ ሰርቨሮች አሉ፤ ሥራ ሳይኖራቸው ከመቶ ዋት በላይ ይበላሉ፣ ድምፃቸውም ሳሎን የሚያስለቅቅ ነው። በስጦታ ቢመጡም ይቅርብኝ የሚያሰኙ ናቸው።

እዚህ አገር ብዙም ያልተመሰገነ አማራጭ ግን አለ፤ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀም ቢሆን። የሚበላው ኃይል ትንሽ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባትሪው በውስጡ ነው። ትንሿ ባለ 2.5 ኢንች ኤክስተርናል ዲስክ ኃይሏን ከላፕቶፑ ስለምትወስድ መብራት ሲሄድ ሁለቱም ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ባትሪው ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ ከተሰካ ሊያብጥ ስለሚችል፣ ማሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ በ60 ወይም በ80 በመቶ ላይ እንዲቆም ማድረግ ያስፈልጋል። የዩኤስቢው ድክመት እዚህም አለ፤ ጅማሬ ለሚፈልግ ቤተሰብ ግን ከዚህ የቀለለ አላውቅም።

አሁን ዋናው ዕቃ ላይ ደርሰናል። ማሽን ይለወጣል፤ ዲስክ ነው ታሪኩን የሚይዘው፤ ከጠቅላላው ወጪም ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እሱ ነው። የዲስክ ገዢ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት በሲኤምአርና በኤስኤምአር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በሲኤምአር ዲስክ መረጃው የሚጻፍባቸው መስመሮች ጎን ለጎን ናቸው። በኤስኤምአር ግን እንደ ጣራ ቆርቆሮ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበዋል፤ በዚህም ብዙ መረጃ በአነስተኛ ቦታ ይገባል። አንዱን መስመር ለመለወጥ ሲፈለግ ግን የተደረቡትን ሁሉ እንደገና መጻፍ ግድ ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ ሲጻፍበት ዲስኩ ይንቀራፈፋል። ፊልም አንድ ጊዜ ጽፎ ሺህ ጊዜ ለማየት ኤስኤምአር ምንም አይልም። በጥምረት ውስጥ የሞተ ዲስክ ተተክቶ መረጃው ሲገነባ ግን የቀናት ሥራ ይሆናል፤ አንዳንዴም ሲስተሙ ዲስኩ ሞቷል ብሎ ያስወጣዋል።

ይህን ልዩነት ዓለም የሰማው በሚያዝያ 2020 ነው። ዌስተርን ዲጂታል ለማከማቻ ሣጥን ተብለው ከሚሸጡት ቀይ ዲስኮቹ መካከል ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ባሉት ላይ ሳይናገር ኤስኤምአር ማስገባቱን አመነ። ከዚያ በኋላ ስሙን ከፋፈለው፤ ዛሬ ተራው «ሬድ» ኤስኤምአር ነው፤ «ሬድ ፕላስ»ና «ሬድ ፕሮ» ሲኤምአር ናቸው። የሲጌት አይረንዎልፍና የቶሺባ ኤን300 ሲኤምአር ናቸው፤ ከሲጌት ባራኩዳ ብዙዎቹ ኤስኤምአር ናቸው። በየሱቁ የሚሸጡት ትናንሽ ባለ 2.5 ኢንች ኤክስተርናሎች፣ በተለይ 2 ቴራባይትና ከዚያ በላይ ያሉት፣ አብዛኞቹ ኤስኤምአር ናቸው፤ አንዳንዶቹም የዩኤስቢ መሰኪያቸው ዲስኩ ላይ ራሱ ስለተበየደ ቅርፊቱን ፈልቅቆ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ባለሱቁ ይህን አያውቅ ይሆናል፤ የሞዴል ቁጥሩን አንብቦ በስልክ ማጣራት ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ያገለገለ ዲስክ ይገዛ ወይ? የካሊፎርኒያው የመረጃ ማስቀመጫ ኩባንያ ባክብሌዝ ከ2013 ጀምሮ በመረጃ ማዕከሎቹ ያሉትን ዲስኮች የብልሽት መጠን በየጊዜው ያወጣል፤ በአማካይ በዓመት ከመቶ ዲስክ የሚሞተው አንድ ወይም ሁለት ነው። ስለዚህ አምስት ዓመት ያገለገለ ዲስክ የሞተ ዲስክ አይደለም። አስቸጋሪው ዕድሜውን ማወቅ ነው። በ2025 መጀመሪያ የጀርመኑ የቴክኖሎጂ ዜና ድርጅት ሃይዘ እንዳጋለጠው፣ ለመረጃ ማዕከል የተሠሩ የሲጌት ዲስኮች በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሰዓት ከሠሩ በኋላ ቆጣሪያቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደ አዲስ ሲሸጡ ነበር። ማጭበርበሩ የታወቀው ነጋዴዎቹ ያልነኩት ሌላ የውስጥ መዝገብ ዲስኩ ላይ ስለነበረ ነው። የእኔ ሚዛን ይህ ነው፦ ለፊልም ያገለገለ ዲስክ ይሁን፤ ለፎቶው ቢያንስ አንዱ ዲስክ አዲስና ዋስትና ያለው ይሁን። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሻንጣ ያመጣው ዲስክ ዋስትናው አብሮት ላይመጣ እንደሚችል ግን መቁጠር ያስፈልጋል።

ሁለት ዲስክ አብረው የሚገዙ ከሆነ ከተለያየ ሱቅ ወይም ከተለያየ ኩባንያ ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ከአንድ ካርቶን የወጡ ዲስኮች አንድ ዓይነት ጉድለት ሊጋሩ ይችላሉና። ማንኛውም ዲስክ መረጃ ከመቀበሉ በፊት ረጅሙ የራስ ምርመራ ይደረግለት። ለ8 ቴራባይት ዲስክ ይህ ግማሽ ቀን ያህል ይፈጃል፤ ማታ ተጀምሮ ጠዋት ውጤቱ ይታያል።

ስለ ከፍታ የሚጽፍ ስለማይገኝ አንድ ነገር ልጨምር። በተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ጭንቅላት ዲስኩን አይነካም፤ በመካከላቸው ባለው እጅግ ቀጭን አየር ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ክፍተቱ ይጠባል፤ አምራቾች ስለዚህ ዲስኩ የሚሠራበትን ከፍታ በ3,048 ሜትር ይገድባሉ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ገደቡ ውስጥ ናት፤ ደብረ ብርሃንም 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ታልፋለች፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ያለ ቤት ግን ገደቡን ይነካል። ከ2013 ጀምሮ ገበያ ላይ ያሉት ሂሊየም የታሸገባቸው ትልልቅ ዲስኮች የውስጥ ጋዛቸው ከውጭው አየር ስለማይገናኝ በዚህ በኩል ይሻላሉ። ለሁላችንም የሚተርፈው ጉዳይ ሙቀት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያ የሚያነሣው ሙቀት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ዲስኮቹ ላይ በቀጥታ የሚነፍስ አንድ ትልቅና ዝግ ያለ ማራገቢያ ይኑር፤ ሙቀታቸው ከ45 ዲግሪ ባይዘል ጥሩ ነው። ማሽኑ በአልጋ ሥር ወይም በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ አቧራው ይህን ሁሉ ያበላሸዋል።

ዲስኮችን ማጣመር፣ ማለትም ሬይድ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ በጻፉት ጥናት ስሙን ያገኘ ሐሳብ ነው። ርካሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ የአንድ ውድ ዲስክን ሥራ ማሠራት ነበር ምኞታቸው። ለቤት የሚሆነው ቀላሉ ነው፤ ሁለት ዲስክ ላይ አንድ ዓይነት መረጃ መጻፍ። አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ግን ሥራ እንዳይቋረጥ የሚያደርግ ነው እንጂ ባክአፕ አይደለም፤ ልጅ በስህተት የሰረዘው አቃፊ ከሁለቱም ዲስክ በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል፤ ቫይረስም ሁለቱን እኩል ይቆልፋል። ለፊልሞች ሬይድ ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። አራት ዲስክ ፊልም ያለው ሰው ስናፕሬይድን በመሰለ በሌሊት አንድ ጊዜ የመጠባበቂያ ሒሳቡን በሚያሰላ ፕሮግራም አንድ ዲስክ ለጥበቃ ቢመድብ ይበቃዋል፤ ሁለት ዲስክ አብረው ቢሞቱ እንኳ የሚጠፋው እነዚያ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ለፎቶዎቹ የምመርጠው የፋይል ሥርዓት ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2005 ያወጣው ዜድኤፍኤስ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ሲጽፍ ማረጋገጫ ቁጥር ይመዘግብለታል፤ ሲያነብ ያመሳክራል፤ አንዱ ዲስክ ላይ ያለው ቅጂ ከተበላሸ ከሁለተኛው ወስዶ ያስተካክላል። ሳይታወቅ የተበላሸ ፎቶ ከዓመታት በኋላ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ሲከፈት ላየ ሰው የዚህ ጥቅሙ አይነገረውም። «ለአንድ ቴራባይት አንድ ጊጋባይት ራም ግድ ነው» የሚለው ወሬ ለቤት አይሠራም፤ 8 ጊጋባይት ይበቃል። ስህተት የሚያርመው የኢሲሲ ራም ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ግን እሱን ፍለጋ ማሽኑን መቀየር አያስፈልግም። ያ ገንዘብ ለሦስተኛ ዲስክ ይዋል።

የመብራቱ ጉዳይ በውጭ አገር መመሪያዎች ሁለት መስመር ብቻ ይሰጠዋል። እዚህ ከፕሮሰሰሩ ይቀድማል። መብራት ድንገት ሲሄድ የዘመኑ ዲስክ ጭንቅላቱን በራሱ ወደ ማረፊያው ይመልሳል፤ አደጋው በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል መቆረጡ ነው። የባሰው ደግሞ ሲመጣ ነው፤ ከፍና ዝቅ እያለ የሚመለሰው ቮልቴጅ ፓወር ሰፕላይ ይገድላል፤ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት አንዳንዴ ዲስኮቹን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በቀጥታ ዲቫይደር ላይ የተሰካ ሰርቨር አይታየኝም። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ፣ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ክፍልም በውስጡ ያለው ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ በገበያው ላይ የተለመደው 650 ቪኤ ለአነስተኛ ማሽን ይበቃል፤ 40 ዋት ለሚበላ ሰርቨር ግማሽ ሰዓት ያህል ይሰጣል። ሲገዛ መታየት ያለበት ከጀርባው የዩኤስቢ መሰኪያ መኖሩ ነው፤ በእሱ በኩል ባትሪው ማነሱን ለሰርቨሩ ይነግረዋል፣ ሰርቨሩም ሰው ሳይነካው በሥርዓት ይዘጋል። መሰኪያው የሌለው ዩፒኤስ ሞቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ማሽኑ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሣ ደግሞ በባዮሱ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። ባትሪው በየጥቂት ዓመቱ የሚለወጥ ዕቃ ነው፤ መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር ቶሎ ያልቃል።

ከአሜሪካ ዩፒኤስ ማምጣት ግን አይታሰብ፤ እዚያ የሚሸጠው ለ120 ቮልት ነው፣ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። የዲስክና የሚኒ ኮምፒውተር አዳፕተሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ እነሱ ችግር የለባቸውም፤ ጽሑፉን ከጀርባቸው ማንበብ ነው። የኃይል ፍጆታን በተመለከተ አንዲት ስሌት ትበቃለች፦ ዓመቱን ሙሉ የሚበራ አንድ ዋት 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 20 ዋት የሚበላ ማሽን በዓመት 175 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ 120 ዋት የሚበላ አሮጌ ሰርቨር ከ1,000 በላይ። ከ2024 ወዲህ ታሪፉ በየደረጃው እየጨመረ ባለበት ጊዜ ርካሹን አሮጌ ማሽን ውድ የሚያደርገው ቆጣሪው ነው።

ኔትወርኩ ብዙ አያነጋግርም። ጊጋቢት ኬብል በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ ከባዱ ባለ 4ኬ ብሉሬይ በሰከንድ ከ128 ሜጋቢት ስለማይበልጥ ስድስትና ሰባት ፊልም በአንድ ጊዜ ያልፋል። ሰርቨሩ ከራውተሩ ጋር በኬብል ይያያዝ፤ ዋይፋዩ ለስልኮቹ ይተው። አስቂኙ ነገር ብዙ ቴሌቪዥኖች የኬብል መሰኪያቸው 100 ሜጋቢት ብቻ መሆኑ ነው፤ ጥሩ ዋይፋይ ባለበት ቤት ቴሌቪዥኑን በኬብል ማያያዝ ከባዱን ፊልም ሊያንቀው ይችላል።

የቀረው ሁለተኛው ቅጂ ነው። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚለው ደንብ እስካሁን የተሻለ አልተገኘለትም። በ1998 የፒክሳር ሰዎች «ቶይ ስቶሪ 2»ን እየሠሩ ሳለ በአንድ ትእዛዝ አብዛኛው የፊልሙ ፋይል ተሰረዘ፤ ባክአፑ ሲከፈት የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። ፊልሙን ያተረፈው ከሠራተኞቹ አንዷ ጋሊን ሰስማን ልጅ ወልዳ ቤቷ ሆና ለመሥራት የወሰደችው ቅጂ ነበር። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ድርጅት በአጋጣሚ ከተረፈ፣ የእኛን የሰርግ ቪዲዮ ለአጋጣሚ መተው አይገባም።

ቤተሰባችን በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ፣ በቴል አቪቭና በጎንደር ተከፋፍሎ መኖሩ ለዚህ ሥራ ያመቻል፤ ውጭ ያለች እህት ቤት የሚቀመጥ አንድ ዲስክና አንድ ሚኒ ኮምፒውተር በጊዜ ሂደት ከክላውድ ሊረክስ ይችላል። የመጀመሪያውን ቅጂ በኢንተርኔት ልላክ ማለት ግን ሞኝነት ነው፤ 500 ጊጋባይት በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ሃያ ሦስት ቀን ገደማ ሳያቋርጥ ይፈልጋል። ዲስኩ እዚህ ተሞልቶ፣ በይለፍ ቃል ተመስጥሮ፣ በልብስ መካከል ተጠቅልሎ ከተጓዥ ጋር ይሂድ፤ ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ የሚላከው የዕለቱ ጭማሪ ብቻ ነው። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ ጥቂት ፋይሎችን ከዚያ ቅጂ መልሶ አውርዶ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ የፒክሳርን ባክአፕ ፊልሙ ከመሰረዙ በፊት ማንም በሚገባ አልፈተሸውም ነበር።

ገንዘቡ የሚበቃው ለከፊሉ ብቻ ለሆነ ሰው ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይመስለኛል። መጀመሪያ ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ፤ አንዱ ቤት፣ ሌላው ዘመድ ዘንድ፣ ፎቶና ሰነድ ብቻ የያዙ። ቀጥሎ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ወይም የቢሮ ኮምፒውተር፤ የቢሮ ኮምፒውተር ከሆነ በዚያው ቀን ዩፒኤስ። ሲኤምአር የሆኑ ሁለት የውስጥ ዲስኮች ገንዘብ ሲገኝ ይከተላሉ። የፊልሙ ትልቅ ዲስክ ከሁሉ በኋላ ይምጣ፤ እሱም ያገለገለ ሊሆን ይችላል። እስከዚያው ፊልሙ ፍላሽ ላይ ይቆይ፤ ፍላሹ ቢጠፋ ሱቁ ሩቅ አይደለም።